ባሕር ላይ ያጠብኩት ልብስ

ባሕር ሳላይ ያደግሁ፣ ባሕር የሌለው ስቴት ውስጥ የምኖር፣ ዋና የማልችል ሰው ነኝ። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ ስለ ባሕር ልመሰክር ሴንት ፖል፣ የስቴቱ ምክር ቤት የገባሁት። ነገሩ ከእሁድ እስከ ማክሰኞ የሆነ ነው፤ ሦስት ቀን ብቻ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ያረጀሁትን ያህል በሃምሳ ሁለት ዓመቴ አላረጀሁም። ፀጉሬን ግን በዚህ አታሳብቡት፤ እሱ ቀድሞ ነው የሄደው።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ጌታሁን ነው፣ ቤቴ ሚኒሶታ፣ ሆፕኪንስ ከተማ። ሥራዬ በሽተኛ ማመላለስ ነው። የኩላሊት እጥበት ያለባቸውን ሰዎች ጠዋት በቫን ከቤታቸው አንስቼ ክሊኒክ አደርሳለሁ፣ ሲጨርሱ እመልሳለሁ። የሚኒሶታ ሐበሻ ግን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ኢንጂነር ነው የሚለኝ። ሠርግ ላይ "ኢንጂነር አንድ ቃል ይበሉን"፣ ለቅሶ ላይ "ለኢንጂነር ወንበር አምጡ።" ቤት ሊገዛ የፈለገ ሰው ደግሞ ከመፈረሙ በፊት ይዞኝ ይሄዳል። እሄድና ምድር ቤቱን ዞር ዞር ብዬ አይቼ፣ ግድግዳውን በጣቴ ኳ ኳ አደርጋለሁ። "ይሄ ይቆያል" እላለሁ። እስካሁን የወደቀ ቤት የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ኢንጂነር የሆንኩት እንዲህ ነው። አሜሪካ እንደመጣሁ መጀመሪያ የደረስኩት ሉዊዚያና ነበር። እዚያ አንድ ኤጀንሲ ባሕር መሃል በብረት እግር በቆመ የነዳጅ መቆፈሪያ ላይ፣ ሪግ ነው የሚሉት፣ ሥራ አገኘልኝ። ሁለት ሳምንት ባሕር ላይ፣ ሁለት ሳምንት የብስ ላይ። ሁለት ዓመት ሠራሁ። ሥራዬ ልብስ ማጠብ ነበር። የቆፋሪዎቹን ቱታ፣ አንሶላቸውን፣ ፎጣቸውን አጥባለሁ፤ ሲተርፈኝ የምግብ አዳራሹን እወለውላለሁ። አንድ ቀን ከደረቀው ልብስ መሃል ንጹህ ቱታ መርጬ ለበስኩ፣ ሄልሜት ተዋስኩ፣ ያን ሰማይ የሚነካ ብረት ከኋላዬ አድርጌ ፎቶ ተነሣሁና ለእናቴ ላክሁላት። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ዲግሪ የለኝም።

ከዓመታት በኋላ ሚኒሶታ ገብቼ ታክሲ ስነዳ፣ ሰናይትን ለማግባት አዲስ አበባ ወላጆቿ ቤት ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ያን ፎቶ ይዘው ሄዱ። መቼም ሽማግሌ ለልጁ ትንሽ ካልጨመረ ሽማግሌ አይባልም። ዋናው ተናጋሪ ፎቶውን ለአባቷ ሰጥተው፣ "ልጃችን ባሕር ላይ ነዳጅ ሲያወጣ የነበረ ኢንጂነር ነው፤ አሁን ደግሞ በትራንስፖርቱ ዘርፍ ተሰማርቷል" አሉ። በስልክ ሲነግሩኝ ሳቅሁ። አላረምኩም። ሰናይት መጥታ አብረን መኖር ስንጀምር፣ "ታዲያ ለምን በሙያህ አትሠራም?" አለችኝ። "የሉዊዚያና ላይሰንስ እዚህ አይሠራም" አልኳት። ይህቺን ለማሰብ ሁለት ሰከንድ ፈጀብኝ። አሥራ አራት ዓመት ኖርኩባት።

እንግዲህ ወደ እሁዱ ልምጣ።

ጾም ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ካለው አዳራሽ ተቀምጠን ስንበላ ቤዛ መጣች። ቤዛ የጓደኛዬ የሙሉጌታ ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። በአንዲት የስቴት ተወካይ ቢሮ ውስጥ በጊዜያዊነት ትሠራ ነበር። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ አንቱታን ብቻ ዘላዋለች።

"ጋሼ ጌታሁን፣ አንተን ነው የምፈልገው" አለችኝ። "ኦፍሾር ሠርተሃል አይደል? አባቢ ነው የነገረኝ።"

"የምን ኦፍሾር?"

"ባሕር ላይ። ነዳጅ ድሪል የሚያደርጉበት።"

ወደ ሽሮዬ አቀረቀርኩ። "ድሮ ነው እሱ" አልኩ።

"ፐርፌክት" አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ነገሩን አስረዳችኝ። ፌዴራል መንግሥቱ ተጨማሪ ባሕር ለነዳጅና ለጋዝ ቁፋሮ ሊከፍት ነው። ባሕር ዳር ያሉ ስቴቶች ተወካዮች ደግሞ አይሆንም እያሉ ነው። ችግራቸው ግን ለብዙዎቹ የራሳቸው የሆነው ከዳር እስከ ሦስት ማይል ድረስ ያለው ውሃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የፌዴራል ነው። ስለዚህ ቁፋሮውን ራሱን ማስቆም ባይችሉ፣ "ቧንቧችሁ በኛ ሦስት ማይል አያልፍም" የሚል ሕግ ያወጣሉ። ሌሎች ስቴቶችም አብረዋቸው ድምፅ እንዲያሰሙ ይጠይቃሉ። የቤዛ አለቃ፣ ተወካይዋ፣ ሚኒሶታም ተቃውሞውን የሚደግፍ የውሳኔ ሐሳብ እንድታሳልፍ አቅርባለች። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ኮሚቴ ፊት ይታያል።

"ቤዛዬ፣ ሚኒሶታ እኮ ባሕር የላትም።"

"እነሱም እሱን ነው የሚሉት። አንተ የምታስፈልገን ለዚህ ነው። የኛ ሰዎች ሁሉ ስለ ባሕር ያነበቡ ናቸው፤ እዚያ የሠራ አንድም የለም። አንተ ደግሞ ኢንጂነር ነህ። ሁለት ደቂቃ ቴስቲፋይ ታደርጋለህ፣ በቃ። እኔ እጽፍልሃለሁ።"

እምቢ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌን ስከፍት አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ "ኢንጂነር፣ ለሁላችንም ክብር ነው እኮ" ብለው እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። ጠረጴዛው ሁሉ ያየኛል።

"እሺ" አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ቫኔ ውስጥ ዩቲዩብ ከፍቼ ኢንጂነሪንግ መማር ጀመርኩ። ክሊኒክ በር ላይ ደንበኛዬን እየጠበቅሁ፣ የጉድጓዱን አፍ ስለሚዘጋው ቫልቭ አሥራ አምስት ደቂቃ ተማርኩ። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ኖሮ እመረቅ ነበር። የመጀመሪያው ደንበኛዬ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ናቸው፤ የሚኒሶታ ገበሬ የነበሩ፣ ብዙ የማይናገሩ። ወደ ቤት ስመልሳቸው፣ "ነገ ንግግር አለብኝ፣ ይስሙልኝ" ብዬ ስለ ቫልቩ ለፈለፍኩላቸው።

ጨርሼ በመስታወት አየኋቸው።

"እንደ ማስታወቂያ ነው የምታወራው" አሉኝ። "አንተ ራስህ እዚያ ምን ነበር የምትሠራው?"

ለምን ለሳቸው እንደነገርኳቸው አላውቅም። ምናልባት የኛ ሰው ስላልሆኑ ይሆናል። "ልብስ አጥብ ነበር" አልኩ። በሚኒሶታ ምድር ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

የመስኮቱን ጉም በመዳፋቸው ጠረጉ። ከዚያ፣ "ይሄ ለየት ያለ ነገር ነው" አሉ። የሚኒሶታ ሰው "ለየት ያለ ነው" ካላችሁ አልወደድኩትም ማለቱ ነው፤ ምግብ አቅርባችሁለት እንዲህ ካለ ደግሞ ሁለተኛ እንዳታቀርቡለት። ቤታቸው ደርሰን ሳወርዳቸው ግን ቀና ብለው አዩኝና፣ "ልብሱ በጣም ይቆሽሽ ነበር?" አሉኝ።

"በጣም" አልኳቸው።

"እህ" አሉና ገቡ። ጥያቄያቸው ግን እኔው ጋ ቀረ።

ቀትር ላይ ኑሩ ደወለ። ኑሩ የወሎ ልጅ ነው፣ ብሩክሊን ሴንተር ሱቅ አለው። ወሬ ከሱ ሱቅ ሳያልፍ ሚኒሶታ ውስጥ አይዞርም።

"ስማ ኢንጂነር፣ ስምህ የምክር ቤቱ ዌብሳይት ላይ ወጥቷል" አለኝ። "ጌታሁን፣ የቀድሞ የባሕር ላይ ነዳጅ ኢንጂነር፣ ይላል። ከስቴቱ ማኅተም ሥር። ለግሩፑ ልኬዋለሁ።"

"ለየትኛው ግሩፕ?"

"ለሁሉም ነዋ። ለእድሩም፣ ለእቁቡም። እኛም ነገ እንመጣለን።"

"ኑሩ፣ ሁለት ደቂቃ ናት። ፓርኪንግ ስትፈልግ ያልቃል።"

"እንዴ፣ ወንድማችን መንግሥት ፊት ሲቆም ብቻውን ይቁም?"

ስልኩን እንደዘጋሁ ለቤዛ ደወልኩ። "ቤዛዬ፣ ጉንፋን ጥሎኛል" አልኩና ሳልኩ። አሳሳሌ ለራሴም ደስ አላለኝም።

"ጋሼ ፕሊስ" አለች። ድምጿ ተለወጠ። "የነዳጅ ካምፓኒዎቹ ኤክስፐርት ልከዋል። ቦሴ ዛሬ ስብሰባ ላይ 'ይህን ሰው ፈልጋ ያገኘችው ቤዛ ናት' ብላ ለሁሉም ነገረች። ወሩ ሲያልቅ ቋሚ ሥራ ይሰጡኝ እንደሆነ ይወስናሉ። ነገ ከቀረህ እኔ ምን እላለሁ?"

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"ጋሼ?"

"ሳሉ ተሻለኝ" አልኳት።

እንግዲህ ያለሁበትን እዩልኝ። ብቀር ልጅቷን ሥራዋን አሳጣታለሁ። ሄጄ ብዋሽ መንግሥት ፊት፣ ለመዝገብ፣ ስሜን ጠርቼ መዋሸቴ ነው። እውነቱን ብናገር ደግሞ ሰናይት ትሰማለች። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኝ ነበር፤ ሰናይት ማክሰኞ ሥራ ናት፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ፈረቃዋ ቀን ነው። ማታ ራት ላይ፣ "ልምጣ እንዴ? ፈረቃ ልቀይር?" አለችኝ። "ለሁለት ደቂቃ ምን ያደርግልሻል" አልኳት። ዕቅዴ የቤዛን ወረቀት ቶሎ አንብቤ መውጣት ነበር። ኢንጂነር የምትለዋን ቃል በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ላነባት ወስኛለሁ።

ማክሰኞ ሴንት ፖል ስደርስ በረዶ እየጣለ ነበር። የምክር ቤቱ ሕንፃ ገብቼ ኮሪደሩን ስዞር ፊት ለፊቴ ነጭ በነጭ ሆነ። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች፣ እናቶቹ ነጠላ ለብሰው፣ አባቶቹ ሱፍ ከነከረባቱ፣ ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። አንድ ጥበቃ ግራ ገብቶት ኑሩን፣ "ሰልፍ ነው?" እያለ ይጠይቃል።

"ኖ ኖ" ይለዋል ኑሩ፤ "ዘመድ ነው።"

ከመሃላቸው ሰናይት ብቅ አለች፣ የሥራ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች። "ግማሽ ቀን አስፈቅጄ ከኑሩ ጋር መጣሁ" አለችኝና ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ። "ላብህ ምንድን ነው? ብርድ አይደል እንዴ?"

ገባን። ክፍሉ ትልቅ አይደለም። ተወካዮቹ ከፍ ብለው በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው አንድ ትንሽ ጠረጴዛና ማይክ አለ። ሰናይት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆና ስልኳን አወጣች። ለእናቷ ልትልክ ነው ቪዲዮውን።

መጀመሪያ የቤዛ አለቃ ሐሳቧን አቀረበች። ከሰሜን በኩል የመጡ አንድ ሽበታም ተወካይ፣ ጨዋ ሰው ናቸው፣ "ክቡር ሰብሳቢ፣ በዚህ ስቴት ሐይቅ እንጂ ባሕር የለንም፤ ይህ ምናችን ነው?" አሉ። ጥቂት ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ጥያቄው የኔም ጥያቄ ነበራ።

ከዚያ የነዳጅ ካምፓኒዎቹ ባለሙያ ተነሡ። ግራጫ ሱፍ፣ የተረጋጋ ድምፅ። እውነተኛ ኢንጂነር እንዲህ ነው ለካ የሚመስለው ብዬ አየኋቸው። ስለ ሴንሰሩ፣ ስለ ቁጥጥሩ በደንብ አስረዱ። ሲጨርሱ፣ "ሪግ ላይ የምትፈስ እያንዳንዷ ጠብታ ትመዘገባለች። መዝገብ ላይ ከሌለች አልፈሰሰችም" አሉ።

እስከዚህ ድረስ የማስበው ቶሎ አንብቤ ስለመውጣት ብቻ ነበር። ይህን ስሰማ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። የእኚያ ሽማግሌ ጥያቄ። ልብሱ በጣም ይቆሽሽ ነበር?

ስሜ ተጠራ። ሄጄ ተቀመጥኩ። ቤዛ ከጎን ቆማ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ወረቀቱን ዘርግቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ "ክቡር ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ አባላት፣ ስሜ ጌታሁን ነው፣ ነዋሪነቴ ሆፕኪንስ ነው፣ ለሁለት ዓመት በባሕር ላይ የነዳጅ መቆፈሪያ ያገለገልኩ..." ቀጣዩ ቃል ላይ ደረስኩ። ቃሉ ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ዝቅ አድርጌ ላነበው ሞከርኩ፤ አልወጣም። ውሃ ጠጣሁ። አሁንም አልወጣም።

"ክቡር ሰብሳቢ" አልኩ፤ "ይህ ወረቀት ስህተት አለበት። ስህተቱ የጻፈችው ልጅ አይደለም፣ የኔ ነው። እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። ሪግ ላይ ልብስ አጣቢ ነበርኩ።"

ዘወር ብዬ አላየሁም። ግን አንድ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ቤዛ ወለሉን አየች። አለቃዋ ቤዛን አየቻት።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን ተመለከቱ። "አንድ ደቂቃ ተኩል ይቀርዎታል" አሉ። "ይቀጥሉ።"

ወረቀቱን አጠፍኩትና እንደመጣልኝ ተናገርኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፤

"ክቡር ሰብሳቢ፣ መዝገቡን አላውቅም። ልብሱን ነው የማውቀው። በደህና ቀን የሚመጣልኝ ቱታ ጭቃና ላብ ነው። አንድ ሳምንት ግን ከረጢቱ ለሁለት ሰው የሚከብድ ሆኖ መጣ። ድፍድፍ ነዳጅ ነበር፣ እስከ ካልሲያቸው ድረስ። ማሽኑ ሁለት ጊዜ ዞሮ ውሃው ጥቁር ነው የሚወጣው። በልብስ ማጠቢያው በር ወደ ታች ሳይ ባሕሩ ላይ ቀለም ተዘርግቷል፣ የዘይት ቀለም፣ እስከሚታየኝ ድረስ። አራት ቀን እንደዚያ ነበር። አለቃዬ 'ደጋግመህ እጠብ፣ ውጭ እንዳታሰጣ' አለኝ። አላሰጣሁም።

ምግብ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ሰሌዳ ነበረ። ያለ ምንም ችግር የሠራነው ይህን ያህል ቀን ነው የሚል። በየጠዋቱ ቁጥሩን አጥፍቼ በአንድ ጨምሬ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፣ ምክንያቱም አዳራሹን የማጸዳው እኔ ነኝ። በእነዚያ አራት ቀናትም ጨመርኩ። ጠዋት ቱታውን አጥቤ፣ እጄን ታጥቤ፣ ሄጄ አንድ እጨምራለሁ። ይኸው ነው የማውቀው።"

ደቂቃው አለቀ።

ሽበታሙ ተወካይ ማይካቸውን ከፈቱ። "ክቡር ሰብሳቢ፣ ምስክሩ ለዚህ የሚያሳዩት ሰነድ አላቸው? ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ማንኛውም ማስረጃ?"

"የለኝም፣ ክቡር ሰብሳቢ" አልኩ። "ማስረጃውን ያጠብኩት እኔ ነኝ።"

ከወዲያ የሳቀ አለ። ተወካዩ አልሳቁም። ትንሽ አዩኝና፣ "ጥያቄዬን ጨርሻለሁ" ብለው ማይካቸውን ዘጉ።

ድምፅ ተሰጠ። በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። እሳቸው ተቃውመው ነው ድምፅ የሰጡት፤ ሲወጡ ግን ጨበጡኝ። እንዳትጓጉ ብዬ ነው አሁኑኑ የምነግራችሁ፣ የውሳኔ ሐሳቡ ከዚያ ወደ ሌላ ኮሚቴ ሄዶ እዚያው ቀረ። እኔ ያዳንኩት ባሕር የለም።

ኮሪደር ላይ እናቶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያሉ። ቀድሞ የደረሰብኝ ኑሩ ነው።

"ቆይ፣ ሱቄን ስገዛ 'ይሄ ግድግዳ ይቆያል' ያልከኝስ?"

"ቆሟል አይደል?"

"አሁን ሄጄ አየዋለሁ" ብሎ ጥሎኝ ወጣ። የምሩን ነው።

ተወካይዋ በሚኒሶታ ፈገግታ አመስግናኝ፣ ለቤዛ "ነገ እናወራለን" ብላት አለፈች። ቤዛ ዓይኗ ቀልቷል። "ጋሼ፣ ለምን ለእኔ አልነገርከኝም? እሁድ፣ ወይ ትናንት። ልብስ አጣቢ ነበርኩ ብትለኝ እሱኑ እጽፈው ነበር እኮ። ይሻል ነበር።"

ልጅቷ ልክ ናት። ሰው የሚያስቅ ቀልድ ሁሉ አውቃለሁ፤ ለዚህ የሚሆን አንድ ቀልድ አጣሁ። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ አጠፋሁ" ብቻ አልኳት። ማግስቱን ለተወካይዋ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ቤዛ እንዳልዋሸች፣ ከተማው ሁሉ እንዲህ ብሎ እንደሚጠራኝ፣ ዝም ያልኩት እኔ እንደሆንኩ። ቋሚ ሥራውን ሦስት ወር አዘገዩባት፣ ከዚያ ሰጧት። አሁን ማንንም ሰው ምን እንደሠራ አንድ በአንድ ሳትጠይቅ አትጽፍም። በቅርቡ አንድ ዶክተር የምንላቸውን ሰው የምን ዶክተር እንደሆኑ ጠይቃ ተቀይመዋታል።

የከበደው ግን መኪና ውስጥ ነው። ከሴንት ፖል እስከ ሆፕኪንስ ሰናይት አንድ ቃል አልተናገረችም። ማርሽ ስቀይር እንኳ እጄን የማየት ያህል አላየችኝም። ቤት ገባን፣ ዩኒፎርሟን ቀየረች፣ ለራሷ ምግብ አሙቃ በላች። ረቡዕም እንደዚያው። በቀልድ የሚኖር ሰው ትልቁ ቅጣቱ የሚሰማው ማጣት ነው፤ ብቻዬን ሁለት ቀልድ አውጥቼ ግድግዳው ላይ ጣልኳቸው።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ሳሎን መሃል የልብስ ቅርጫት ይዛ ቆማለች።

"ምን እንዳናደደኝ ታውቃለህ?" አለችኝ።

"ልብስ አጣቢ መሆኔ።"

"እኔ የሽማግሌ ሽንት ጨርቅ እቀይራለሁ፤ በሥራ ሰው እንቃለሁ እንዴ? አሥራ አራት ዓመት፣ ጌታሁን። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ 'እኔ ይሄ ማሽን አይገባኝም፣ አንቺ ነሽ የምታውቂበት' እያልክ ሁለት ፎቅ ወርጄ ልብስህን ያጠብኩት እኔ ነኝ። የሪግ ሙሉ ልብስ ያጠበ ሰው።"

ቅርጫቱን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከባድ ነበር። ልስቅ ብዬ ፊቷን ሳይ እሷ ግን ታለቅሳለች።

"አባቴ ሲሞት ፎቶህ ራስጌው ነበር" አለችኝ። "ለሚመጣው ሁሉ 'አማቼ ኢንጂነር ነው' ይል ነበር። እሱን አሁን ማን ይነግረዋል? ለእናቴ አንተው ትነግራታለህ። እኔ አልነግርልህም።"

ወርጄ አጠብኩ። ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ። እጄ አልረሳም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች መቼም "በአንድ ፎቶ ይህን ያህል" ሳትሉ አትቀሩም። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ያን ሰሌዳ ግን አስቡት። ማንም ዋሽ አላለኝም። በየጠዋቱ አንድ ጨምር ብቻ ነው የተባልኩት። አንድ ምን አላት? ሚኒሶታ ስመጣም ማንም ዋሽ አላለኝም፤ ኢንጂነር ሲሉኝ አቤት አልኩ፣ በማግስቱም አቤት አልኩ። ሁለቱ አንድ ሥራ እንደሆኑ የገባኝ እዚያ ማይክ ፊት ነው። መካከላችሁ ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ማናጀር የሚባል ሰው ካለ፣ ከሆነ ይሁን፣ እሰየው። ካልሆነ ግን ሽማግሌ ሳይልክ፣ ልጅ ሳያስመሰክረው በፊት ዛሬውኑ ይናገር። ቀላል ነው አልላችሁም። ከኔ ይልቅ ግን ይቀለዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ለአማቴ በቪዲዮ ደወልኩ። እማማ ናት የምላት፣ ሰማንያ ሊሞላት ነው። ሰናይት ወጥ ቤት ሆና ጀርባዋን ሰጥታኛለች፤ ሳህን የምታጥብ መስላ ውሃውን ዘግታ ትሰማለች።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው" ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሪጉን፣ ልብሱን፣ ፎቶውን፣ ሽማግሌዎቹን። አንድም ቀልድ አልጨመርኩበትም።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "እማማ?" አልኩ።

"አለሁ" አለች። ከዚያ ደግሞ፣ "አሁንስ ታዲያ? በሽተኛ አመላልሳለሁ ትለኛለህ። እሱስ እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ እማማ።"

"አየህ፣ እንዴት ብዬ ልወቅ ልጄ?"

ልክ ናት። ካፖርቴን ደረብኩ፤ ነጠላ ጫማዬን እንኳ አልቀየርኩም። ስልኩን ይዤ ደረጃውን ወርጄ ወጣሁ። ፓርኪንጉ እስከ ቁርጭምጭሚት በረዶ ነው። ቫኑን ዞሬ አሳየኋት፤ ጎማውን፣ ወንበሩን፣ ቀበቶውን። የኋላውን በር ከፍቼ ዊልቸር የሚያወጣውን ማንሻ ቁልፍ ተጫንኩ። ብረቱ እየጮኸ ወረደ፣ በረዶው ላይ አረፈ። ከላይ ሰናይት መስኮቱን ከፍታ እያየችን ነው።

"በሽተኛው እዚህ ላይ ነው የሚቆመው፣ እማማ። ከዚያ እንዲህ ይነሣል።" አነሣሁት። አወረድኩት።

"ቆይ፣ መነጽሬን" አለች። የሆነ ነገር ሲንኳኳ ሰማሁ። ተመልሳ መጣች፣ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

"አሁን ድገመው" አለችኝ።

ደገምኩት።